የቁልፉ ኩርፊያ

ማኩረፍ ሁሉም ሰው ያኮርፋል፤ የቁልፉ ኩርፊያ ግን ደንብ ነበረው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው። ቁልፍ እየቀረጸና የተበላሸ ጓጉንቸር እየጠገነ ስለሚተዳደር የሰፈሩ ሰው ቁልፉ ብሎ ጠራው፣ በዚያው ቀረ። ሚስቱ ግን ስሙ የወጣለት በሥራው ሳይሆን በአፉ ነው ባይ ናት። አንዴ ቅር ካለው አፉን የሚከፍት መፍቻ ገና አልተሠራም።

ባልና ሚስቱ የሚሠሩት አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። በበሩ በኩል የእሱ የቁልፍ መቅረጫ ማሽን አለ፤ ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ያልተቀረጹ ቁልፎች በተንጠለጠሉበት ምስማር ተሞልቷል። ከመጋረጃው ወዲያ የእሷ የስፌት መኪና ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለቱ ማሽኖች አብረው ሲነሱ መነጋገር ስለማይቻል ትዳራቸው የጸናው በዚህ ነው እያሉ የሚያሾፉባቸው አሉ። ውሸትም አይደለም።

ወደ ደንቡ ስንመለስ፣ ቁልፉ ሲያኮርፍ መጀመሪያ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ተኝቶ ከሆነ ይገላበጣል፤ ሱቅ ውስጥ ከሆነ በርጩማውን እያንቋቋ አዙሮ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ሚስቱን አያያትም። ፊቱ ብትቆም በላይዋ አሻግሮ ያያል፤ መርፌ ወጋኝ ብላ ብትጮህ እንኳ ዐይኑን አያነሳም። ጉዳይ ካለው በልጃቸው በኩል ይልካል። «ለዚያች ሴትዮ፣ ሸሚዜን የት እንዳደረገችው ጠይቂያት» ይላል፣ ሴትዮዋ እዚያው አጠገቡ ቆማ። ምግብ ግን አይተውም። ከሚስቱ ተጣልቶ ሆዱን የሚቀጣ ሰው ሞኝ ነው ይላል።

በዚህ ሁሉ የትዳር ዘመን አንድም ቀን ቀድሞ ተናግሮ አያውቅም። እርቁን የምትጀምረው እሷ ናት፤ ያም ቢሆን ወግ አለው። ይቅርታ አይባልም፣ ሽማግሌ አይጠራም። ልብስ ሰፊዋ ከመጋረጃው ኋላ አንድ የማርማላታ ጠርሙስ ይዛ ትመጣና ክዳኑን ለመክፈት ትታገላለች። ታቃስታለች፣ በቀሚሷ ጫፍ ትይዘዋለች፣ «ዛሬስ ምን ነካው» ትላለች፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሰው። እሱ ለጊዜው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ዳሩ ግን የተዘጋ ነገር አጠገቡ እያለ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ እጁን ይበላዋል። በመጨረሻ ሳያያት እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ ጠርሙሱን ይቀበላል፣ አንዴ ጠምዘዝ ሲያደርገው ክዳኑ ጧ ይላል። «ይኸው» ይላል። ይኸው ከተባለ ኩርፊያው አለቀ፤ በምን እንደተጣሉም ዳግመኛ አይነሳም። ማርማላታው ካለቀ ስንት ዘመኑ ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አዝራር ነው። ክዳኑን አጥብቃ የምትዘጋው ራሷ እንደሆነች እሱም ያውቃል።

ሕመሙ የጀመረው በራስ ምታት ነው። ቁልፉ የማሽኑ ድምፅ ነው ብሎ ጆሮውን በጥጥ ወተፈ። ቀጥሎ ነገሮችን ሁለት ሁለት አድርጎ ያይ ጀመር፤ ይህን ለማንም አልተነፈሰም። የታወቀበት አንዲት ደንበኛ የቀረጸላትን ቁልፍ ይዛ ተመልሳ «አልገባልኝም» ስትለው ነው። የእሱ ቁልፍ አልገባም ተብሎ አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ ክው አለች። አስተማሪ የሆነችው ልጃቸው ክፍሏን ለባልደረባዋ ትታ መጣችና፣ አባቷ ሰበብ መደርደር ሳይጀምር ሆስፒታል አደረሰችው።

የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ጭንቅላቱን የተነሳበትን ፎቶ መብራቱ ላይ አድርገው በእርሳስ ጫፍ አንድ ቦታ አሳዩአቸው። «አንጎል ውስጥ ካሉት የደም ሥሮች አንዱ ሳስቶ ፊኛ አውጥቷል» አሉ። «የብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ አንድ ጎኑ ሲሳሳ እንደሚያብጠው ማለት ነው። እስካሁን አልፈነዳም። እንዳይፈነዳ ራስ ቅሉን ከፍተን የፊኛውን አንገት በትንሽ መቆንጠጫ እንይዘዋለን።»

ልብስ ሰፊዋ ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቁልፉ ግን የሙያ ነገር ሲነሳ ሕመሙንም ይረሳል።

«መቆንጠጫው ከምን ብረት ነው?» አለ።

«ቲታኒየም ነው።»

«አይዝግም?»

«አይዝግም።»

«ውሎ አድሮ ቢላላስ?»

«አይላላም።»

«የሚያስገባው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሐኪሙ።

ቁልፉ እጃቸውን አተኩሮ አየ። ጣቶቻቸው ቀጫጭን ናቸው፣ አይንቀጠቀጡም። «ጥሩ እጅ ነው» አለ። ለሰው እጅ እንዲህ ብሎ ሲመሰክር ሚስቱ ሰምታ አታውቅም።

ሐኪሙ ወደ እሷ ዞረው አንድ ነገር ጨመሩ። ቀዶ ሕክምናው በደህና ቢያልቅም እንኳ በማግሥቱና በተከታዩ ቀናት ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል፤ ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ያጋጥማል። ንግግር ከጠፋበት፣ አንድ ጎኑ ከዛለ፣ እንቅልፍ ካበዛ ሳይውል ሳያድር መነገር አለበት። ልብስ ሰፊዋ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። ቤት ገብታ ለልጇ አንድ ቃል ሳትስት ደገመችላት።

ቁልፉ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነው። ለእትዬ እንዳይነገር። እትዬ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉት ታላቅ እህቱ ናቸው፤ ልባቸው ለስላሳ ነው፣ ለቅሶአቸው ግን የሦስት ቤት ሰው ያስነሳል። «ከዳንኩ ስድን ይነገራቸው፤ ካልዳንኩም ያው መስማታቸው አይቀርም» አለ። እሷም እሺ ብላ ማለች። መማል ቀላል ነው። ባሏ ጭንቅላቱን ሊከፈት በአልጋ እየተገፋ በቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ሲገባ ግን፣ እንደ እናት ያሳደጉት እህት ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጡ ይሆናል ብላ ስታስብ አንጀቷ አልቻለም። እዚያው ኮሪደር ላይ ስልኳን አወጣች።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ቁልፉ ነቃ፣ ልጁን በስሟ ጠራ፣ ሐኪሙን «ያዘ?» አላቸው፤ «ጥርቅም አድርጎ» አሉት። ሚስቱ እጁን ይዛ ተመስገን ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራትም።

በማግሥቱ እትዬ መጡ። ራሱ ተላጭቶ በፋሻ የተጠቀለለ ወንድማቸውን ሲያዩ በሩ ላይ ቆመው፣ «ወንድሜን፣ ጸጉርህን ማን ወሰደው» ብለው ለቅሶውን ለቀቁት። አጠገቡ የተኛው ሰውዬ ነቃ፤ ከኮሪደሩ ሁለት አስታማሚ ብቅ አለ። ቁልፉ ሚስቱን አንድ ጊዜ አያት። «ነገርሻቸው» አለ። ከዚያ ከነፋሻው ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እውነት ለመናገር ልብስ ሰፊዋ ደስ ነው ያላት። ለማኩረፍ አቅም ያገኘ ሰው ድኗል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ቃል የሚለዋወጠው በልጁ በኩል ሆነ። «ለዚያች ሴትዮ፣ ትራሱን ከፍ ታድርገው በያት።» «ለዚያች ሴትዮ፣ መስኮቱ ነፋስ ያስገባል በያት።» ተረኛዋ ነርስ ግራ ገብቷት ስትጠይቅ ልብስ ሰፊዋ የኩርፊያውን ደንብ አንድ በአንድ አስረዳቻት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አጠገቡ የተኛው ሰውዬ ስፌቴን ልትበጥሱት ነው ብሎ ለመነ።

በነጋታው ጠዋት ሾርባ በፔርሙስ ይዛ ስትገባ ቁልፉ በጀርባው ተኝቶ ነበር። ልጃቸው ሥራ ገብታለች፤ እትዬ ገና አልመጡም። «እንዴት አደርክ» አለችው። መልስ የለም። መልእክተኛ በሌለበት መልስ እንደማይኖር ታውቃለችና አልገረማትም። ፊቱ ወደ ግድግዳ አለመዞሩን አስተውላለች፤ ስፌቱ አሞት ይሆናል አለች በልቧ።

ያችው ነርስ ገባች። በትንሽ መብራት ዐይኖቹን አየች። «ጋሼ፣ ስምዎን ይንገሩኝ።»

ቁልፉ ዝም አለ።

«አሁን የት ነው ያሉት? ጋሼ?»

«አይድከምሽ ሲስተር» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሾርባውን ወደ ኩባያ እየገለበጠች። «ትናንት ነግሬሽ የለ፤ አኩርፎ ነው። እኔ እዚህ እስካለሁ ለንጉሥም አይናገርም።»

ነርሷ አልሳቀችም። እጄን ይጨብጡኝ ብላ ሁለቱንም እጆቿን ሰጠችው፤ ግራው ጨበጠ፣ የግሉኮስ መርፌ ያለበት ቀኙ እንዳለ ቀረ። «ኩርፊያውም ይኑር፤ እኔ ግን መልስ እፈልጋለሁ» አለችና ፈጠን ብላ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ሾርባውን አቀረበችለት። አልዋጠውም፤ በከንፈሩ ጥግ ወረደ። ምግብ ላይ አኩርፎ የማያውቅ ሰው በሾርባም ጀመረ ብላ ትንሽ ተናደደች፣ በፎጣ ጠረገችው። ነገሩን አሁኑኑ ልጨርሰው አለች። የአዝራሩ ጠርሙስ ሱቅ ነው ያለው፤ ራስጌው ላይ ግን ያልተከፈተ የውኃ ላስቲክ ጠርሙስ ቆሟል። አነሳችና መታገል ጀመረች። አቃሰተች። በቀሚሷ ጫፍ ያዘችው። «ዛሬስ ምን ነካው» አለች ለመስኮቱ።

ከዚያ ዞር ስትል ያያታል።

ቀጥ አድርጎ ፊቷን ያያል። ከልቡ ሲያኮርፍ አንድም ቀን አይቷት አያውቅም። ዐይኑ ውኃ ሞልቶበታል፤ የሆነ ነገር እየለመናት ነው። ላስቲኩን ዘረጋችለት። ግራ እጁ ተነሳ፣ ደረቱን ተሻግሮ መጣና ቀኝ እጁን ከአንሶላው ላይ ሊያነሳ ይጎትት ጀመር፤ ቀኝ እጁ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ተመልሶ ወደቀ። ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። «ይ...» አለ። «ይ... ይ...»

ይኸው ሊል ነው። ክዳኑን ሳይከፍት፣ እጁ ሳይታዘዝለት፣ እርቅ ሊያወርድላት ነው የሚታገለው።

ላስቲኩ ከእጇ ወድቆ አልጋው ሥር ተንከባለለ። ልብስ ሰፊዋ ኮሪደሩ ላይ በባዶ እግሯ መሮጧን ያወቀችው በኋላ ነው፤ ነጠላ ጫማዋ በሩ ላይ ቀርቷል። «አላኮረፈም!» እያለች ትጮሃለች። «ሲስተር፣ አላኮረፈም!»

ነርሷ ሐኪሙን አስከትላ በኮሪደሩ ወዲያ ጫፍ እየመጣች ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሩጫ ሆነ። አልጋው ተገፋ፣ ሲቲ ስካን ተነሳ፣ ሐኪሙ የቀድሞውን እርጋታቸውን ሳይለቁ ነገር ግን እየተራመዱ ነገሯት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደም ፈሶ ራስ ቅሉ ሥር ተቋጥሯል፤ ንግግርንና ቀኝ እጁን የሚያዘውን ክፍል ተጭኖታል፤ ተመልሰው ከፍተው ማውጣት አለባቸው፤ አሁኑኑ። ሄዱ። በሩ ተዘጋ።

እትዬ ሲደርሱ ልብስ ሰፊዋ አግዳሚው ላይ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጡ። እየሳገች የሆነውን ሁሉ ዘረገፈችላቸው።

«አኩርፎ ነው ብዬ እኮ ነርሷን መለስኳት» አለች። «ዶክተሩ አፋቸውን ሞልተው ነግረውኝ፣ ንግግር ከጠፋበት ንገሪ ብለውኝ። በገዛ አፌ ገደልኩት፣ እትዬ።»

እትዬ ያለቅሳሉ ብላ ጠብቃ ነበር። እትዬ አላለቀሱም። ጫማዋን ከእጇ ወስደው እግሯ ላይ አደረጉላት።

«ልጅ ሳለ» አሉ፣ «ቀኑን ሙሉ ሳይናገር ዋለ። እኔ ደግሞ ከረሜላ ከልክዬው ስለነበር አኩርፏል ብዬ ተውኩት። እንዲያውም ቤቱ ጸጥ አለልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ጉሮሮው አብጦ ምራቁን መዋጥ አቅቶታል። ሰውነቱ እንደ እሳት ሲፋጅ ነው የገባኝ። ተሸክሜው የሮጥኩት ሩጫ ዛሬም በሕልሜ ይመጣብኛል።»

«እኔ ግን ትልቅ ሰው ነኝ፣ እትዬ።»

«እሱስ ትልቅ ሰው አይደለም? የእሱን ዝምታ ከዝምታ ለይቶ የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። አንቺ ለይተሻል፤ ትንሽ ቆይቶም ቢሆን ለይተሻል። ይሄ ሰውዬ ሰው ሲያሳስት ነው ያደገው።»

ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ያ ሳቅ ወደ ለቅሶ ዞረ። እትዬ ራሷን ደረታቸው ላይ አስደገፏት። ልጃቸውም ከሥራ ስትሮጥ ደረሰች። ሦስቱ አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብበው ያን በር ሲያዩ ዋሉ።

ሐኪሙ ሲወጡ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። ፊታቸውን አይታ ልብስ ሰፊዋ ከመስማቷ በፊት መትረፉ ገባት።

«ደሙን አውጥተነዋል» አሉ። «መቆንጠጫው ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ ያደማችው ከላይ ያለች ሌላ ትንሽ ሥር ናት። ዘግተናታል። በጊዜ ነው የደረስንበት።»

«ይናገራል?»

«እንደሚናገር ተስፋ አለኝ። ቀስ እያለ ነው የሚሆነው፤ እጁም እንደዚያው። ትዕግሥት ይፈልጋል።»

ከኋላቸው ነርሷ ቆማለች። ልብስ ሰፊዋ ወደ እሷ ሄዳ እጇን ያዘች። ነርሷ የሚያስጨንቃትን ያወቀች ትመስላለች።

«እናቴ፣ ከክፍሉ ስወጣ በቀጥታ ዶክተሩን ልጠራ ነው የሄድኩት» አለች። «አኮረፈ ስላሉኝ አልተውኩትም። ስንት አኩራፊ አስታምሜአለሁ መሰለዎት። በዚህ ምክንያት እንቅልፍ እንዳያጡ።»

ልብስ ሰፊዋ እፎይ ስትል ትከሻዋ ላይ የነበረ ነገር በሙሉ ወረደ። ያን ያህል እንደከበዳት ያወቀችው ሲወርድላት ነው።

የቁልፉ ቃላት የተመለሱት ግን ቤታቸውን እንደረሳ ሰው እየተንከራተቱ ነው። ማንኪያን መፍቻ አለው። ልጁን እትዬ ብሎ ጠራት፣ እትዬን ደግሞ ሲስተር። ንግግር የምታለማምደው ባለሙያ ሥዕል እያሳየች ምን እንደሆነ ትጠይቀዋለች፤ አንድ ቀን የቁልፍ ሥዕል ብታሳየው ብዙ ከታገለ በኋላ «የበር... የበር ምላስ» አለ። ሁሉም ሳቁ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። ቀኝ እጁም የላስቲክ ኳስ መጭመቅ ጀመረ፤ ከዘራ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።

ልብስ ሰፊዋን ያስፈራት ሌላ ነው። ቁልፉ ጥሩ ሰው ሆነ።

ሻይ ስትሰጠው «አመሰግናለሁ» ይላል፤ መጀመሪያ ያጠናት ይህችን ቃል ይሁን እንጃ፣ ጥርት ብላ ነው የምትወጣው። ትራስ ስታስተካክል አመሰግናለሁ፣ መጋረጃ ስትከፍት አመሰግናለሁ። በሄደችበት ሁሉ በዐይኑ ይከተላታል፣ ፈገግ ይላል። ጎረቤት መጥቶ «እንዲህ ያለ ባልማ ምን ይወጣለታል» ሲላት አብራ ትስቃለች፤ ሰው ሲወጣ ግን ቁጭ ብላ ታየዋለች። ይሄ ትሑት ሰውዬ ማን ነው? ያ የሷ ሰው በዚያ በር ገብቶ አልወጣ ይሆን? ልትፈትነው ብላ፣ ማንም እንዳይነካብኝ የሚለውን ቅዳዱ የበዛ ሹራብ ደብቃ «ጣልኩት» አለችው። «እሺ» አለ። «አዲስ... ይገዛል።» ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ለቀጠሮ ሲመለሱ ሐኪሙን ለብቻቸው አግኝታ ጠየቀቻቸው።

«ዶክተር፣ ጠባዩስ ይመለሳል?»

«ጠባዩ ምን ሆነ?»

«ጥሩ ሆነ» አለች።

ሐኪሙ ሊስቁ ብለው ፊቷን ሲያዩ ተዉት። «አንጎሉ ገና ደክሞታል» አሉ። «አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። እርግጠኛ ሆኜ ግን ልነግርዎ አልችልም።»

ቁልፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቁን ሊያይ የመጣ ዕለት ልብስ ሰፊዋ ሽር ጉድ ስትል ነበር የሰነበተችው። አቧራውን አራግፋለች፣ ማሽኑን ወልውላለች፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ቁልፎች በሙሉ አውርዳ ከትንሽ ወደ ትልቅ በሰልፍ ሰቅላቸዋለች። አይቶ ደስ እንዲለው ነው። የእሱ አሰቃቀል ለሌላ ሰው ግራ የገባ ይሁን እንጂ እሱ ዐይኑን ጨፍኖ የፈለገውን የሚያነሳበት ሥርዓት እንደነበረ አላሰበችም።

ከዘራውን ይዞ ገባ፤ ልጁ ክንዱን ደግፋዋለች። ግድግዳውን አየ። ቀኝ እጁን ወደ አንድ ምስማር ሰደደ፤ የጠበቀው ቁልፍ አልነበረም። ወደ ሌላው ሰደደ። እዚያም የለም።

«ማነው የነካው?» አለ።

«እኔ ነኝ። አቧራ ጠጥቶ ነበርና...»

ቁልፉ አንዴ አያት። ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። በርጩማውን በሁለት እጁ ያዘ፣ ቀኝ እጁ እየተንቀጠቀጠ፤ ልጁ ልታግዘው ብትል በክርኑ ገፋት። በርጩማው ወለሉን እያንቋቋ ዞረ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለሚስቱ ሰጣት።

ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን ገልጣ ገባች፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደግፋ ስልኳን አወጣች።

«እትዬ» አለች በሹክሹክታ። «አኮረፈ።»

«እውነትሽን ነው?»

«በርጩማውን አዙሯል።»

በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ እትዬ በሆስፒታሉ ኮሪደር ያስቀሩትን ለቅሶ በሙሉ አንድ ላይ ለቀቁት። ቁልፉ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኖ ሰማ መሰል፣ ትከሻውን ሰበቀ።

ያን ዕለት ማታ በገበታ ላይ ልጁን ጠራት። «ለዚያች ሴትዮ፣ ሾርባው ጨው አንሶታል፣ ሁለተኛ ደግሞ የሰው ዕቃ እንዳትነካ በያት» አለ። አንድ ቃል አልጎደለም፣ አንድ ቃል አልተንከራተተም። ልጅቱ ወደ እናቷ ዞር ስትል የሁለቱም ዐይን እንባ አቅሯል። «እማዬ፣ ጨው አንሶታል ይልሻል» አለች። «ሰምቻለሁ በይው» አለች እናቷ፣ ጨው እየጨመረች።

በነጋታውም ጀርባውን ሰጥቷት ዋለ። ጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ እንዳለ አለ፤ ልብስ ሰፊዋ ግን አላወረደችውም። እንዴት ብላ ታውርደው። ስትሰፋ ቆየት እያለች በመጋረጃው ክፍተት ያችን የተናደደች ጀርባ አጮልቃ ታያለች፤ አይታ አትጠግባትም። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ኩርፊያ በዕድሜዋ አላየችም። አንድ ቀን ጨመረችበት፣ ከዚያም ሌላ።

በስተመጨረሻ የስፌት መኪናዋን አቁማ ክር ስትቆርጥ ከመጋረጃው ወዲያ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ሰማች።

«ጠርሙሱስ?» አለ ቁልፉ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ እንደዞረ።

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። ቀድሞ ሲናገር ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። ቶሎ ብላ ጠርሙሱን አወረደች፤ የቀኝ እጁ ነገር ትዝ አላትና ሳይሰማ ክዳኑን ላላ አደረገችው። ይዛ ወጣች። ማቃሰቱን ግን አልተወችም፤ ወግ ነውና አቃሰተች።

ሳያያት ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ተቀበላት። ክዳኑን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ተንሸራተተ። እንደ ማሰብ አለና ጠርሙሱን መልሶ ወደ ኋላ ሰጣት።

«ይሄ አልተዘጋም» አለ። «አጥብቂና አምጪው።»

ተቀበለችው። ከንፈሯን ነክሳ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ጠመዘዘችው፤ እንደ ድሮው፣ ምናልባትም ከድሮው አብልጣ። ሰጠችው። ቁልፉ ጠርሙሱን በጉልበቶቹ መሃል አጣበቀና በቀኝ እጁ ክዳኑን ያዘ። እጁ ተንቀጠቀጠ፣ አመለጠው። እንደገና ያዘ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። አላገዘችውም፤ እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ፣ ትንፋሿን ይዛ ቆመች። እንደገና አመለጠው፣ እንደገና ያዘ።

ክዳኑ ጧ አለ።

«ይኸው» አለና በርጩማው ላይ ዞሮ አያት።